ሴማግሉታይድ እየተወጋሁ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፤ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ሰላም ለሁላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ሐኪሜ ለስኳሩም ለውፍረቱም ብሎ በሳምንት አንዴ የሚወጋ ሴማግሉታይድ አዞልኝ ክብደቴ በደንብ ቀንሷል፤ ስኳሬም ቶሎ ወርዷል። አሁን ግን ስልኬ ላይ ሳነብ ፊደሎቹ ይደበዝዙብኛል፣ ነጭ ግድግዳ ሳይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይንሳፈፍብኛል።

ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ቀድሞ የተጎዳ ሬቲና (ከዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሊባባስ እንደሚችል አንብቤአለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ነው፦ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2025 እ.ኤ.አ. የዓይን ነርቭ ደም ሲያጥረው የሚመጣውን ናዮን የተባለ ጉዳት የዚህ መድኃኒት እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ የጎንዮሽ ጉዳት ነው ብሏል፤ ከ10,000 ተጠቃሚ እስከ 1 ሰው። እሱ ድንገት፣ ያለ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ነው የሚመጣው። የእኔ ቀስ በቀስ የመጣና በሁለቱም ዓይን ስለሆነ ያ አይመስለኝም፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

ያዘዘልኝን ሐኪም እስካሁን ላገኘው አልቻልኩም፣ የዓይን ቀጠሮዬም ሩቅ ነው፤ የሚቀጥለው መርፌ ግን ደርሷል። በሙያው ያላችሁ ወይም የደረሰባችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ እስክመረመር መርፌውን ላዘግየው? ባቆመው ስኳሬ ተመልሶ ይወጣል ብዬም እሰጋለሁ። ብሌን አስፍቶ ሬቲናን ማየት ብቻ ይበቃል ወይስ የዓይን ነርቩም ለብቻው እንዲታይልኝ ልጠይቅ?