ለ12 እና ለ15 ዓመት ልጆች በየትኛው የአማርኛ ልብ ወለድ ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ 15። ተረት አልፈዋል፣ ልብ ወለድ ግን ገና አልነኩም። ቤት ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻ ነው። ይከብዳቸው ይሆን?

የአማርኛ መምህር፦
ለትንሿ ይቆይ። ለልጁም በዘዴ ነው እህቴ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ቢሆንም፣ ብዙ ልጆች የሚተዉት በገጹ ብዛት ሳይሆን መነሻው ላይ ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሰብለ ወንጌልን ሲጠብቁ ታሪኩ ከፍቅረኛዋ ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ይነሣል። ያንን ክፍል እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ መጽሐፉን ለልጁ ይልቀቁለት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውንም ያሰሙት፣ መጽሐፉን ገልጦ እየተከተለ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ጀማሪ አንባቢ ይስተዋል፣ ጆሮው ግን አይስተውም።

መጽሐፍ አዟሪ፦
መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ንባብ ያልለመደ የ15 ዓመት ልጅ በዚያ አይያዝም። «ዴርቶጋዳ»ን ይስጡት። ስለላ አለው፣ ገዳም አለው፣ ምዕራፉ ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያቆመው። የቋንቋ ውበት የሚፈልግ ሌላ ይፈልግ፤ ይህ ማስለመጃ ነው። ቀጥሎ «ራማቶሓራ»፣ ከዚያ «ዣንቶዣራ»። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ማን ምን እንደሆነ ይጠፋዋል።
«ኦሮማይ»ን ግን 17 እስኪሞላው ያቆዩት። የአዋቂ ፍቅር አለበት፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ለማያውቅ ልጅ ደግሞ ግማሹ አይገባውም።
ሲገዙ ፎቶ ኮፒ ቅጂ እንዳይሸጡልዎ። ሽፋኑ አያታልልዎት፤ መሃል ላይ ገልጠው የገጽ ቁጥሩን ይከተሉ። የሚዘለው እዚያ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለትንሿስ?

የአማርኛ መምህር፦
«ጦቢያ»። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው። አጭር ነው። ባለታሪኳ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ለ12 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? ችግሩ አማርኛው የድሮ መሆኑ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም ይረዝማል። ስለዚህ በቀን 2 ወይም 3 ገጽ፣ አብረው።
ሌላ መጽሐፍ ሲመርጡላት ደግሞ መሃሉን ከፍተው አንድ ገጽ ታንብብልዎ፤ ያልገቧትን ቃላት በጣትዎ ይቁጠሩ። አምስት ከሞሉ ለብቻዋ አይሆንም። መዝገበ ቃላት ስትገልጥም በ«ሀ» ያጣችውን በ«ሐ»ና በ«ኀ» ትፈልግ፤ «የለም» ብላ የምትዘጋው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ነው።