ገለልተኛ የምርጫ ክልል ኮሚሽን ከፓርቲዎች ተጽዕኖ በእርግጥ ያመልጣል?

የሕግ ተማሪ (ጠያቂ)፦
በአሜሪካ የምርጫ ክልሎች በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ይከለላሉ፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም ይህን ሥራ የሚሠሩት የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ናቸው። የሚወዳደርበትን ክልል ራሱ የሚያካልል ሰው ለራሱ እንደሚያደላ ግልጽ በመሆኑ፣ አንዳንድ ግዛቶች ሥልጣኑን ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጥተዋል። እኔን ያልገባኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የኮሚሽኑን አባላት አንድ አካል ይመርጣቸዋል፤ የሠሩትንም ካርታ አንድ አካል ያጸድቀዋል። ያ አካል ፓርቲ ከሆነ ምን ተለወጠ? በተግባር የታየ ምሳሌ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ወሰንተኛው፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሁሉንም ኮሚሽኖች በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። ኒው ዮርክንና ካሊፎርኒያን ያነጻጽሩ። በኒው ዮርክ ከአሥሩ የኮሚሽኑ አባላት ስምንቱን የሚሾሙት የምክር ቤቱ የፓርቲ መሪዎች ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ደግሞ እነዚያው ስምንቱ ይመርጣሉ። ውጤቱም የሚጠበቀው ሆነ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኮሚሽኑ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ተቃራኒ ካርታዎች ለምክር ቤቱ ላከ፤ ምክር ቤቱም ሁለቱንም ጥሎ በዲሞክራቶች አብላጫ ድምፅ የራሱን ካርታ አወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን ካርታ ሻረው፤ አዲሱንም ፍርድ ቤት የሰየመው ባለሙያ ሠራው።

ካሊፎርኒያ በ2008 በሕዝበ ውሳኔ ያቋቋመችው ኮሚሽን በሌላ መንገድ የተዋቀረ ነው። አመልካቾችን የሚያጣራው የግዛቱ ኦዲተር ጽሕፈት ቤት ነው፤ የምክር ቤቱ መሪዎች ከመጨረሻዎቹ ስልሳ ዕጩዎች የተወሰኑትን መሰረዝ ይችላሉ እንጂ ማንንም መሾም አይችሉም። ከቀሩት መካከል የመጀመሪያዎቹ ስምንት አባላት በዕጣ ይወጣሉ፤ እነርሱም ሌሎች ስድስት ይጨምራሉ። ካርታው የሚጸድቀው ከዲሞክራቶች ሦስት፣ ከሪፐብሊካኖች ሦስት፣ ከሁለቱም ውጪ ካሉት ሦስት ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ነው። ተጽዕኖ ፈጽሞ የለም አልልም፤ ለሕዝብ አስተያየት በተከፈተ መድረክ ላይ የፓርቲ ፍላጎት የነዋሪዎችን ድምፅ ለብሶ ሊቀርብ ይችላል፣ ይህንንም ማጣራት ከባድ ነው። ነገር ግን አንድን ሹመኛ በስልክ ከማዘዝ ጋር አይወዳደርም።

ታዛቢ፦
የተከበሩ ወሰንተኛው ስለ አመራረጥ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን አመራረጡ ንጹሕ ሆኖም አባሉ ከተመረጠ በኋላ የሚደርስበትን ጫና ዘንግተዋል። በአሪዞና በ2011 የሆነውን ያስታውሱ። አምስት አባላት ባሉት ኮሚሽን ውስጥ ሰብሳቢዋ ከሁለቱም ፓርቲዎች ውጪ የሆነች ሰው ነበረች፤ ረቂቁ ካርታ ያልጣማቸው ሪፐብሊካኗ የግዛቱ ገዥ ጃን ብሩወር፣ የሴኔቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይዘው ከሥልጣኗ አነሷት። በዚያው ወር የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባይመልሳት ኖሮ ኮሚሽኑ በስም ብቻ ይቀር ነበር። በ2019 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓርቲያዊ አድልዎ ያለበትን አከላለል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ብሎ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ የሚቀረው የግዛት ፍርድ ቤት ነው፤ እርሱም ቢሆን በብዙ ግዛቶች በምርጫ የሚመጣ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው መፍትሔው ሰዎቹን ከመምረጥ ይልቅ መመዘኛዎቹን ማጥበቅ ይሆን? አዮዋ የምክር ቤት አባላትን መኖሪያ አድራሻና ያለፈ ምርጫ ውጤት ማየትን እንደምትከለክል አንብቤያለሁ።

ወሰንተኛው፦
አዮዋ ከ1980 ጀምሮ ካርታውን ለፓርቲ በማይሠሩ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ታሠራለች፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለችው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ድምፅ የምክር ቤቱ ነው፤ በ2021ም ሴኔቱ የመጀመሪያውን ካርታ ጥሎ ሁለተኛውን ተቀብሏል። ሦስተኛው ካርታ ላይ ከተደረሰ ምክር ቤቱ ማሻሻያ እንዲያደርግ ስለሚፈቀድለት፣ ሥርዓቱን እስካሁን አጽንቶ ያቆየው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ልማዱም ጭምር ነው። መመዘኛውም ቢሆን ሁልጊዜ ሚዛናዊ አይደለም። ክልሎች የታመቀ ቅርጽ ይኑራቸው ማለት ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንዱ ፓርቲ ደጋፊዎች በከተሞች ተከማችተው ሲኖሩ፣ ማንም ሳያስብበት በጥቂት ክልሎች ውስጥ ተጨናንቀው ትርፍ ድምፅ ያባክናሉ።

ሰነድ አንባቢ፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ይቅርታ። ለጥናትዎ አንድ ነገር ልጠቁም፦ የኮሚሽኑን ሕግ ሲያነቡ በመጀመሪያ የሚመለከቱት «አባላቱ ካልተስማሙ ምን ይሆናል?» የሚለውን አንቀጽ ይሁን። በኒው ዮርክ ኮሚሽኑ ከከሸፈ ሥልጣኑ ወደ ምክር ቤቱ ስለሚመለስ፣ አብላጫውን የያዘው ፓርቲ የሾማቸው አባላት ለመስማማት የሚገፋፋቸው ነገር አልነበረም። በቨርጂኒያ በ2021 ስምንት የምክር ቤት አባላትና ስምንት ዜጎች የተቀመጡበት ኮሚሽን እንዲሁ ከሸፈ፤ ነገር ግን ሕጉ ጉዳዩን ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሚልከው፣ ካርታውን የሠሩት ፍርድ ቤቱ ከሁለቱም ወገን ዕጩዎች የመረጣቸው ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ። ብሪታንያ ደግሞ በ2020 ባወጣችው ሕግ ፓርላማው በምርጫ ክልል ድንበር ኮሚሽኖች የመጨረሻ ሐሳብ ላይ ድምፅ መስጠቱን አስቀርታለች። ካናዳም በ1964 ባቋቋመችው ሥርዓት የምክር ቤት አባላት ቅሬታ ያቀርባሉ እንጂ የሚወስነው በየክፍለ ሀገሩ ያለው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይዘጋ በር አለ። በ2025 ቴክሳስ ሪፐብሊካኖችን ለመጥቀም ከቆጠራው ጊዜ ውጪ ካርታዋን ስትቀይር፣ ካሊፎርኒያ በኅዳር ባደረገችው ሕዝበ ውሳኔ ወሰንተኛው ያመሰገኑትን የኮሚሽኑን የኮንግረስ ካርታ ትታ የግዛቱ ምክር ቤት ባወጣው ካርታ እስከ 2030 ለመጠቀም ወሰነች። ያንን ያደረገው ኮሚሽኑን ያቋቋመው ያው መራጭ ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ በጥናትዎ ውስጥ ከፓርቲ መሪዎች ጎን መራጩንም ቢያስገቡ መልካም ነው።