ገንዘብን በፍሎት አስቀምጬ ድምሩ አልገጥም አለኝ፤ ወደ የቱ ልቀይረው?

ጀማሪ ኮደር፦ ሰላም ለሁላችሁ። በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሽያጭ መመዝገቢያ ሠርቼ የዋጋውን ኮለም (ዓምድ) ፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚይዝ የዳታ ዓይነት፣ አድርጌው ነበር። ረድፍ በረድፍ ሳየው ልክ ነው፤ ስደምረው ግን ጭራ ያበቅላል። ለሙከራ 0.10ን ሦስት ጊዜ አስገብቼ ስደምር 0.30000000447034836 አለኝ። ደብል (ከፍሎት ይበልጥ አሃዝ የሚይዘው ዓይነት) ባደርገው ይስተካከላል?

የሰንጠረዥ ሰው፦ ስህተቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። በደብልም 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ነው የሚመጣው። ፍሎትም ደብልም ቁጥሩን የሚይዙት በባይናሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ነው፤ 0.1 ደግሞ በባይናሪ ሲጻፍ አያልቅም፣ 1 ለ 3 ሲካፈል 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው። አሃዙን እንደተጻፈ የሚይዘውን ዴሲማል(19,4) አድርገው፤ በጠቅላላው 19 አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ 4። ሁለት አሃዝ ለዋጋ ይበቃል፤ ግብርን እና ምንዛሪን ስታሰላ ግን ተጨማሪዎቹ ሁለት አሃዞች ያስፈልጉሃል።

ሌሊት ሠራተኛ፦ እኔ ሳንቲሙን ቆጥሬ በቢግኢንት (ነጥብ የሌለው ትልቅ ሙሉ ቁጥር) ነው የማስቀምጠው፤ 19.99 ሲሆን 1999። ኤስኪውላይት በሚባለው ዳታቤዝ ከሆነማ ይሄ ይሻልሃል፤ ዴሲማል ብለህ ብትጽፍም ነጥብ ያለውን ቁጥር ውስጥ ለውስጥ ሪል (እንደ ደብል ያለ ዓይነት) አድርጎ ነው የሚይዘው። ብቻ የሁሉም አገር ገንዘብ 100 ሳንቲም እንዳይመስልህ፦ የጃፓን የን ሳንቲም የለውም፣ የኩዌት ዲናር ደግሞ 1000 ፊልስ ነው። ስለዚህ የየትኛው አገር ገንዘብ እንደሆነ የሚለየውን ባለሦስት ፊደል የአይኤስኦ 4217 ኮድ በራሱ ኮለም አስቀምጥ።

የሰንጠረዥ ሰው፦ እሱ ልክ ነው፤ ግን ሪፖርት የሚያወጣው ሰው ለ 100 ማካፈል የረሳ ቀን ጉድ ይፈላል። ለማይኤስኪውኤል ከዴሲማል አልወጣም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ያላችሁ ደግሞ መኒ (ገንዘብ) የሚለው የዳታ ዓይነት ስም አያታልላችሁ። ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚይዝ የሚወሰነው በሰርቨሩ የቋንቋና አገር ሴቲንግ ነው፤ ኑሜሪክ (የዴሲማል ሌላ ስሙ) ይሻላል። ሌላው፣ ዳታቤዙን አስተካክላችሁ ዋጋውን በጄሰን (በፕሮግራሞች መካከል ዳታ መላኪያ ቅርጽ) እንደ ቁጥር ብትልኩት ተቀባዩ ጃቫስክሪፕት መልሶ ደብል ያደርገዋል። እንደ ጽሑፍ ላኩት።

ጀማሪ ኮደር፦ እሺ፣ ዴሲማል ይሁን። እስካሁን የገባውስ? በቃ ኮለሙን ልቀይረው?

የሰንጠረዥ ሰው፦ በቀጥታ አትቀይረው። ባክአፕ ያዝ፣ አዲስ የዴሲማል ኮለም ጨምር፣ ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋግተህ ቅዳ፣ አመሳክር፣ አሮጌውን ከዚያ በኋላ አጥፋ። ከ131,072 በታች ያለው በዚህ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ግን ፍሎት ሊይዛቸው የሚችላቸው ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ቢያንስ በ0.015625 ይራራቃሉ፤ ከአንድ ሳንቲም ይሰፋል ማለት ነው። እዚያ የጠፋውን ሳንቲም ኮድ አይመልሰውም።

ጀማሪ ኮደር፦ ፈለግኩት፤ ከዚያ በላይ ያሉት 14 ረድፎች ናቸው። ደረሰኞቹ ስላሉ በእጅ አስገባቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።