«ሁለቱም ያገባሉ?» ገበያ ነው ወይስ ቁማር?

ከቀበሌ 14፦ ቤቲንግ ቤት ውስጥ «ጂጂ» የሚሏትን ታውቋታላችሁ። ሁለቱም ቡድኖች ጎል ያስቆጥራሉ ወይስ አያስቆጥሩም? አሁን ይህችው ጥያቄ እንደ ፖሊማርኬትና ካልሺ ባሉ የትንበያ ገበያዎች ትሸጣለች። «አዎ»ን በ56 የዶላር ሳንቲም ትገዛለህ። ሁለቱም ካገቡ 1 ዶላር ታገኛለህ፣ ካላገቡ 56ቷ ሄደች። እዚህ ባሕር ዳር «ይሄ እኮ ቁማር አይደለም፣ አገራችንም ትፍቀደው» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ አይፈቀድ ባይ ነኝ። እስኪ ተከራከሩኝ።

የፖሊ ልጅ፦ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቤቲንግ ቤት ኦዱን፣ ማለትም ካሸነፍክ ለአንድ ብር የሚመልስልህን፣ የሚቆርጠው ራሱ ነው። ለ«አዎ» 1.70፣ ለ«አይ» 1.95 ሰጠህ እንበል። 1ን ለሁለቱም አካፍልና ደምር፤ 110 በመቶ ይመጣል። ከመቶ ያለፈችው የቤቱ ናት። በትንበያ ገበያ ግን አንተ በ56 ስትገዛ ማዶ ያለው ሰው «አይ»ን በ44 ይገዛል። ገበያው የሚወስደው ኮሚሽን ነው። ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ሸጠህ መውጣት ትችላለህ።

ባለሱቅ፣ ግሽ ዓባይ፦ ልጄ፣ ያቺ «ሸጠህ መውጣት» ናት ሰው የምትጨርሰው። የቤቲንግ ትኬት የቆረጠ ልጅ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ኳሱን ያያል። ይሄኛው በየደቂቃው ስልኩን ነው የሚያየው። የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውሱ። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች 80ኛው ደቂቃ ደረሰ። «አዎ» የያዘ ሰው በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆርጦ በርካሽ ይሸጣል። ምባፔ ለፈረንሳይ ፍጹም ቅጣት ምቷን አገባ፣ አለቀ። 79ኛው ላይ የሸጠ ልጅ ያን ሌሊት ይተኛል?

የፔዳ ተማሪ፦ ስሌቱንም እንየው። ከባለሜዳው በአማካይ 1.5፣ ከእንግዳው 1.1 ጎል ይጠበቃል እንበል። በተለመደው የፕዋሶን ስሌት (ከአማካይ ጎል ተነስቶ ዕድሉን በሚያወጣው ቀመር) ባለሜዳው ቢያንስ አንድ የማግባት ዕድሉ 78 በመቶ፣ የእንግዳው 67 ነው። ሲባዙ 52 ገደማ። ሳንቲም ወርውሮ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደ ማለት ነው። ገበያው ራሱ 52 ላይ ከቆመ ከእሱ በልጠህ የምታውቀው ምንድን ነው? ከማዶ የሚገዛህ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚነግድ ነው እንጂ የሰፈርህ ልጅ አይደለም።

እህት ከሽምብጥ፦ እናንተ በመቶኛ ታወራላችሁ። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባት አለበት። ቅዳሜና እሁድ ግን ገቢው ቤቲንግ ቤት ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ነዳጅ መቅጃ ከእናቴ ይጠይቃል። እሷም ለወፍጮ ካስቀመጠችው ትሰጠዋለች። ገበያ ብትሉት፣ ውርርድ ብትሉት፣ ከእናቴ ጤፍ ላይ የሚጎድለው ያው ነው።

የፖሊ ልጅ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን ያ ቤቲንግ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ካልሺን የሚቆጣጠረው የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ኮሚሽን (CFTC) ነው፣ የቁማር መሥሪያ ቤት አይደለም።

ከቀበሌ 14፦ አሜሪካም ቢሆን መቼ ተስማማችና? በ2025 ካልሺ የስፖርት ውል መሸጥ ሲጀምር ኔቫዳና ኒው ጀርሲ «ይሄ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ውርርድ ነው፣ አቁም» ብለው ጻፉለት። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። እነሱ ያልጨረሱትን ክርክር እኛ ለምን እንደተዘጋ እንቆጥረዋለን? ስለ ዝናብ ወይም ስለ ቡና ዋጋ የሚተነብይ ገበያ ቢሆን ልሰማህ ዝግጁ ነኝ፤ ገበሬው ይጠቀምበታል። የማንቸስተር ተከላካይ መሳቱን ቀድሞ በማወቅ ግን ማን ይጠቀማል? ደግሞ በዶላር ነው። የባጃጅ ሹፌር ዶላር ከየት ያመጣል? በጥቁር ገበያ ክሪፕቶ ሊገዛ ነው። ሲበላ አቤት የሚልበትም የለው።

የፔዳ ተማሪ፦ እኔ መሀል ነኝ። በነጥብ ብቻ ይሁን፣ ብር አይግባበት። ለምሳሌ በባሕር ዳር ከነማ ጨዋታዎች። ማን ጥሩ እንደሚተነብይ ይታያል።

ከቀበሌ 14፦ በነጥብ ከሆነ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

የፖሊ ልጅ፦ ብር ከሌለበት ሰው እንደ ልቡ ይገምታል፣ ዋጋውም አይታመንም።

እህት ከሽምብጥ፦ አይታመን። ወንድሜ ግን ሰኞ ነዳጁን በራሱ ብር ይቀዳል።