ደሙ ሳይቀዳ እንዳያልፍ፦ የጋራ ጥያቄያችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም አባላት። ኢንሱሊን በዝቶ የደም ስኳራቸው ለሚወርድ ታካሚዎች፣ ለጤና ኃላፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ መልክ ይያዝ። መሣሪያ፣ መድኃኒት፣ የታካሚዎች መዝገብ ተብሏል። ሁሉንም አንድ ላይ ከጠየቅን አንዱንም እንዳናጣ እሰጋለሁ። ምን ይቅደም?

የታካሚ ባለቤት፦ እኔ እጢው ያለበትን ቦታ የሚያሳየው የምስል ምርመራ፣ ፔት ስካን ይቅደም ባይ ነኝ። የባለቤቴ ኢንሱሊኖማ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽት እጢ፣ በሲቲ ስካን አልታየም። አብዛኞቹ እኮ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው። ቦታው ካልታወቀ ቀዶ ሐኪሙ የቱን ያውጣ?

ነርስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ስካን የሚታዘዘው በሽታው ሲጠረጠር ነው። እኛን የሚጎዳን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሰውዬው ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል። ግሉኮስ ሲገባለት ይነቃል፤ ከዚያ ወደ ቤት። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ለዓመታት ክኒን የሚውጥ አለ። ማስረጃው ግን በዚያች ሰዓት ደሙ ውስጥ ነበር። ስኳሩ ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚወጣው) ካልወረዱ፣ ቆሽቱ ማቆም ሲገባው ኢንሱሊን እየለቀቀ ነው። ኢንሱሊኑ በዝቶ ሲ-ፔፕታይዱ ካነሰ ደግሞ ከውጭ በመርፌ ገብቷል። አንዳንድ የስኳር ክኒኖችም ልክ እንደ እጢው ያሳያሉ፤ እነሱም አብረው ይመርመሩ። ያቺ ናሙና ካመለጠች ታካሚው ሆስፒታል ተኝቶ እስከ 72 ሰዓት ሊጾም ነው።

እናት፦ ጨቅላዎችም ይግቡ፣ እባካችሁ። የልጄ እጢ አይደለም። ስኳሯ ቢወርድም በቆሽቷ ያሉት ኢንሱሊን አመንጪ ቤታ ሕዋሳት መልቀቅ አያቆሙም፤ ከጂን የመጣ ነው። ሕፃን ደከመኝ አይልም። መጥባት ይተዋል፣ ይዝለፈለፋል። ቶሎ ካልተደረሰለት አንጎሉ ይጎዳል። ኢንሱሊን እንዳይለቀቅ የሚገታው መድኃኒት፣ ዳያዞክሳይድ፣ የማይሠራላቸው አሉ። ችግሩ ቆሽቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን ያን ቆርጦ ማውጣት ሊያድናቸው ይችላል።

ሐኪም፦ ትክክል ናቸው፣ እህታችን። አንድ ነገር ግን በጉልህ ይጻፍ። ለናሙና ተብሎ ስኳር አይዘግይ። ደም ሥር ሲገኝ ደሙ ይቀዳ፣ ግሉኮሱ ወዲያው ይከተል። ካልተገኘ ሕክምናው ይቅደም።

የታካሚ ባለቤት፦ እሺ፣ ይሁን። ስካኑ ሁለተኛ ነጥብ ሆኖ ይግባልኝ። ጋስትሪኖማ፣ የጨጓራ አሲድ የሚያበዛው እጢ፣ ያለባቸውስ? የጨጓራ ቁስላቸው እየተመላለሰ፣ ተቅማጡ እያሰቃያቸው ነው።

ሰብሳቢ፦ የእነሱ መመርመሪያ ሌላ ነው፤ ለብቻው ደብዳቤ ይገባዋል። ለዚህኛው ረቂቁ ይኸው፦ «ምክንያቱ ያልታወቀ የስኳር መውረድ በገጠመው አዋቂም ሆነ ጨቅላ፣ ሕክምናው ሳይዘገይ የኢንሱሊንና የሲ-ፔፕታይድ ናሙና ይወሰድ።» ነርሷና ሐኪሙ ያርሙት፤ የጨቅላዎቹን አንቀጽ እናቲቱ ይጻፉልን።