ለሬንደር ሥራ ዋጋ ማውጣት፦ በግል ለሚጀምሩ አርክቴክቶች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወደ ውጭ አገር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። በሙያዬ አርክቴክት ብሆንም፣ በዚህ አገር ተመዝግቤ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ ለሌሎች ቢሮዎች የሬንደር ሥራ (ገና ያልተሠራ ሕንፃ ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ በኮምፒውተር በምስል ማውጣት) በግሌ እየሠራሁ ለመተዳደር አስቤአለሁ። አንድ ቢሮ የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ሦስት የውጭ ምስሎችን በስንት እንደምሠራለት ጠይቆኛል፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ግን ግራ ገብቶኛል። በሙያው የቆያችሁ ወንድሞችና እህቶች ለአንድ ምስል ስንት እንደምታስከፍሉ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የእኔን ዋጋ ብነግርዎ የሚጠቅምዎ አይመስለኝም። የምከፍለው የቤት ኪራይ፣ የኮምፒውተሬ አቅም፣ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው የዛፍና የቤት ዕቃ የኮምፒውተር ሞዴሎች ሁሉ በዋጋዬ ውስጥ ስላሉ፣ ቁጥሩን ብቻ ነጥለው ቢወስዱት ወይ ሥራውን ያሳጣዎታል ወይ ያከስርዎታል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚገኝበትን መንገድ ልጻፍልዎ።

አስቀድመው ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛው፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ በግል ሠርተው ገቢ እንዲያገኙ የሚፈቅድ መሆኑን ነው፤ በብዙ አገሮች የተማሪ ቪዛም ሆነ ከአንድ አሠሪ ጋር የተያያዘ ቪዛ ይህን ይከለክላል። ሁለተኛው፣ «አርክቴክት» የሚለው መጠሪያ በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ሳይመዘገቡ በደረሰኝዎ ወይም በድረ ገጽዎ ላይ ቢጽፉት ሊያስቀጣዎ ይችላል። የሬንደር ባለሙያ ብሎ መጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ብዙዎቻችን የተሳሳትነው የቅጥር ደመወዝን ለሰዓት በማካፈል ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለ52 ሳምንታት ቢሠራ 2,080 ሰዓት ይሆናል፤ በግል የሚሠራ ሰው ግን ይህን ያህል ሰዓት ሊያስከፍል አይችልም። ለዕረፍት፣ ለበዓልና ለሕመም ስድስት ሳምንት ቢቀነስ 1,840 ሰዓት ይቀራል። ከዚህም ውስጥ ደንበኛ መፈለግ፣ ዋጋ መጻፍ፣ ክፍያ መከታተልና አዲስ ነገር መማር የሚወስዱት ጊዜ ስላለ፣ 60 በመቶው ብቻ የሚከፈልበት ነው ብለን ብናስብ የምናገኘው 1,104 ሰዓት ነው። የዓመት ኑሮዎን፣ ግብርዎን፣ የጤናና የጡረታ መዋጮዎን፣ የሶፍትዌር ኪራይዎን፣ የኮምፒውተር መተኪያዎንና የመብራት ወጪዎን ደምረው ለዚህ ቁጥር ያካፍሉት። ለ2,080 ያካፈለ ሰው ከሚያስፈልገው ገቢ ከግማሹ ብዙም ያልዘለለ ገንዘብ እየተቀበለ፣ ቀንና ሌሊት እየሠራ ለምን እንደማይሞላለት ሳይገባው ይኖራል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት እንደዚሁ ነበር።

የሰዓት ዋጋዎን ካወቁ በኋላ የሥራውን ሰዓት ይገምቱ፤ ለደንበኛው የሚነግሩት ግን የጠቅላላ ሥራውን ዋጋ ይሁን፤ በሰዓት ሲያስከፍሉ ፍጥነትዎ ባደገ ቁጥር ገቢዎ ይቀንሳልና። ለመገመት የደረሰዎትን ፋይል ከፍተው ማየት ይኖርብዎታል። በሬቪት ወይም በስኬችአፕ (ሕንፃን በኮምፒውተር ለመንደፍ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ናቸው) የተሠራ የተስተካከለ ሞዴል ከተላከልዎ አንድ ነገር ነው፤ ፕላንና ኤሌቬሽን (የሕንፃው የጎን ገጽታ ሥዕል) ብቻ ደርሶዎት ሕንፃውን በኮምፒውተር ከመሠረቱ መገንባት ካለብዎ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሦስቱ ምስሎች የአንድ ሕንፃ ስለሆኑ የሞዴሉ ድካም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምስል ከመጀመሪያው ያነሰ ዋጋ ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የምስሉንም መጠን ይጠይቁ። ለስክሪን የሚሆን 1920 በ1080 የሆነ ምስል ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክስል ሲኖረው፣ በኤ3 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ የሚታተም ምስል ከ17 ሚሊዮን በላይ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተርዎም በዚያው ልክ ታስሮ ይቆያል። ወደፊት አኒሜሽን ቢጠየቁ ደግሞ በሴኮንድ 30 ፍሬም የሆነ የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,800 ምስል መሆኑን አይርሱ፤ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ ቢወስድ ኮምፒውተሩ 120 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ሙሉ ቀን ሳያቋርጥ ይሠራል። ወደ ሬንደር ፋርም፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች በክፍያ ሬንደር ወደሚያደርግ ድርጅት፣ የሚልኩት ከሆነም ወጪው በዋጋው ውስጥ ይግባ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ማሻሻያውን ነው። ጥሩ ዋጋ ተቀብዬ የከሰርኩበት ሥራ ነበር፤ ደንበኛው በመጨረሻው ምስል ላይ የመስኮቱን መጠን፣ ከዚያ የጣሪያውን ቅርጽ፣ ከዚያ ደግሞ የመንገዱን አቅጣጫ ቀየረብኝ፤ በውላችን ላይ የማሻሻያ ቁጥር ስላልጻፍኩ መከራከሪያ አልነበረኝም። የቀለምና የብርሃን እርማት ሁለት ዙር በዋጋው ውስጥ እንዲካተት፣ ዲዛይኑ ከተቀየረ ግን በሰዓት እንዲታሰብ በግልጽ ይጻፉ። ከአንድ ዲዛይን ለውጥ የሚመጣው ድካም የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ፣ ይህን መጠየቅ ሊያሳፍርዎ አይገባም።

ሌላ መልስ፦ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ መጪ ስለሆንኩ በርካሽ ልግባ የሚለው ሐሳብ ብዙዎቻችንን ጎድቶናል፤ በርካሽ የያዙት ደንበኛ ዋጋ ሲጨመርበት የሚቆይ አይደለምና። ቅናሽ ማድረግ ግድ ከሆነ፣ ሙሉው ዋጋ በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ቅናሹ ከሥሩ ለብቻው ይታይ። ግማሹ ክፍያ ሥራው ሳይጀመር፣ ቀሪው ሙሉ ጥራት ያለው ፋይል ከመሰጠቱ በፊት ይከፈል። የሞዴሉ ፋይልም ለደንበኛው የሚሰጥ ከሆነ የራሱ ዋጋ ይኑረው።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቢሮው የፈለገው ለማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ ለዲዛይን ውይይት እንዳልሆነ ዛሬ ነግሮኛል። ይህ ዋጋውን ይለውጠዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ይለውጠዋል። ለስብሰባ የሚቀርብ ምስልና ቤት ለመሸጥ በአደባባይ የሚሰቀል ምስል የአጠቃቀም ፈቃዳቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የት እና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሙበት ጠይቀው በውሉ ያስፍሩ። የሰሌዳውንም መጠን አብረው ይጠይቁ፤ ከሩቅ የሚታይ ሰሌዳ የኤ3ን ያህል ጥራት በየኢንቹ ስለማያስፈልገው አታሚውን ማነጋገር ብዙ የሬንደር ሰዓት ያተርፍልዎታል። ሥራውን ሲጀምሩም ሦስቱን የካሜራ ማዕዘኖች ማቴሪያል (የግድግዳውና የጣሪያው ቀለምና ገጽታ) ሳይለጠፍባቸው በግራጫ ልከው በጽሑፍ ያስጸድቁ።