ምርመራው አልቋል፣ ክስ የለም፣ ወንድሜ ግን አልተፈታም

ድሬዳዋ ነን። ታናሽ ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ከተያዘ 47 ቀን ሆነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ስለቀረበ በዚያ በኩል ቅሬታ የለንም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 መሠረት ፖሊስ ለምርመራ ሁለት ጊዜ 14፣ 14 ቀን ተፈቅዶለታል። በመጨረሻው ቀጠሮ ምርመራው ማለቁ ተገልጾ የጊዜ ቀጠሮ መዝገቡ (ለፖሊስ የምርመራ ቀን የሚፈቀድበት) ተዘጋ። በዚያው ዕለት የጠየቅነው ዋስትና «ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል» ተብሎ በቁጥር 67 ውድቅ ሆነ። የጠፋ የተባለው ስልክ ተይዟል፣ ምስክሮችም ቃላቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ የሚጠፋው ማስረጃ የትኛው እንደሆነ ትእዛዙ ላይ አልተጻፈም።

ይህ ከሆነ 17 ቀን አልፏል። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን የተረከበው ያኔውኑ ነው፤ በቁጥር 109 ክስ የሚመሠርትበት 15 ቀን አልቋል። በጽሑፍ ጠየቅን፣ «እየታየ ነው» ተባልን። ዋስትናውን እንደገና ለማንሳት ወደ ችሎቱ ስንመለስ ደግሞ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) መዝገቡ ስለተዘጋ ክስ ሲከፈት በዋናው መዝገብ ጠይቁ አለን። ያልተከፈተ መዝገብ ላይ እንዴት ይጠየቃል? እናታችን ከሳቢያን ሰፈር ስንቅ እያመላለሰች ነው፤ ጠበቃ የለንም።

በእጄ ያለው የዋስትና ክልከላው ትእዛዝ ማኅተም ያለበት ግልባጭና ለዐቃቤ ሕግ ያስገባነው ማመልከቻ ቅጂ ነው። በቁጥር 75 ለይግባኝ ከተሰጠው 20 ቀን የቀረው 3 ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነት መዝገብ የያዛችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ በእነዚህ 3 ቀናት የዋስትና ይግባኙን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ላስገባ ወይስ ክስ ሳይመሠረት ጊዜው አልፏል ብዬ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲፈታ የሚጠየቅበት) ላቅርብ?